ለመዝሙር ነጥብ የሰጠሁበት ዓመት

ሸዋ ሮቢት ተመድቤ ስመጣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከጣርማ በር ማዶ ካለው ብርድ ወርጄ ስለመጣሁ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፍኩት ላቤን በመጥረግ ነው። የማስተምረው ሒሳብ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ሰንጠረዥ ይወዳል፤ እኔ ደግሞ ከብዙዎቹ የባስኩ ነኝ። ልብስ የማጥብበት ቀን፣ ፈተና የማርምበት ሰዓት፣ ጸሎት የማደርስበት ሰዓት ሁሉ ግድግዳዬ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ሰፍሮ ነበር። ጠዋት ተነሥቼ ውዳሴ ማርያም ደግሜ ሳልጨርስ ስልክ አልነካም። ከጓደኞቼ መካከል ይህን ደንብ የጠበቅሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ትንሽ እኮራበት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍሉን ኃላፊነት ሰጡኝ። ተመረጥኩ ማለት አይቻልም፤ ሌላ እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያ ሥራዬ መዝገብ መክፈት ሆነ። ስልሳ ሁለት ስም ጻፍኩ። እሑድ ከሰዓት ስንሰበሰብ ግን ከአሥራ ስድስት በላይ ሰው አይመጣም። የቀሩት የት እንዳሉ ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገኝም። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወደ ዋናው መንገድ ሲወጡ ትልቅ ስክሪን የሰቀለ ቤት አለ፤ በዚያው ሰዓት የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ያሳያል። ልጆቻችን ነጠላቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገው እዚያ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። ዳኞቹ ነጥብ ሲሰጡ እነሱም በየራሳቸው ይሰጣሉ፤ በነጥቡ ይጣላሉ፤ የተሰናበተው ሲያለቅስ አብረው ያለቅሳሉ። እኛ ዘንድ አዳራሹ ይሞቃል፣ ማራገቢያ የለም፣ እኔ ሰሌዳው ላይ ሰባቱን ምሥጢራት በቁጥር ከፋፍዬ እጽፋለሁ።

ከአሥራ ስድስቱ መካከል አንድም እሑድ ቀርቶ የማያውቅ ከበሮ መቺያችን ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው የባጃጅ ሾፌር ነው። ባጃጁን ከግቢው ውጭ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ያቆማል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ከበሮውን ከአዳራሹ ጥግ አንሥቶ ማንገቻውን አንገቱ ላይ ያጠልቃል። ከዚያ በኋላ ብዙ ቃል አይወጣውም። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፣ እሱ ቲቸር ይለኛል። ከበሮ አመታቱ የተለየ ነበር፤ ከበሮው መዝሙሩን አይቀድመውም፣ አይጎትተውም። ድምፁን ደግሞ የሚሰማው አጠገቡ የቆመ ሰው ብቻ ነው፤ ከሕዝቡ ድምፅ በታች አድርጎ ነው የሚያዜመው። እኔ አጠገቡ እቆም ነበርና አውቃለሁ። እንደዚያ ያለ ድምፅ በቅርብ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ወደ ቤቴ ሲያደርሰኝ ለምን ብቻውን እንደማያዘምር ጠየቅሁት።

«አላዘምርም» አለ።

«ድምፅ አለህ እኮ ጋሼ።»

«ይህችን ቃል ነው የምፈራት» አለና ባጃጁን ወደ ዳር አወጣው። ሞተሩን አላጠፋም። «ድምፅ አለህ እያሉ ነው ያጠፉኝ። ሰርግ እዘፍን ነበር፣ ሆቴል እዘፍን ነበር። ሲያጨበጭቡልኝ ቤት አለኝ፣ ሚስት አለችኝ የሚባለው ነገር ከጭንቅላቴ ይወጣል። ሰው ጠጥቶ ተበላሸ ይላል። እኔን ያሰከረኝ ጭብጨባው ነው ቲቸር። አረቄው በኋላ የመጣ ነው፤ ጭብጨባው ሲበርድ እንዳይጨንቀኝ ነው የምጠጣው።»

ሚስቱ ሁለት ጊዜ ጥላው ወላጆቿ ቤት ገብታ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ የሰንበት ትምህርት ቤታችን የበላይ ጠባቂ የሆኑት አረጋዊ ቄስ፣ የኔም የንስሐ አባት ናቸው፣ ቤቱ ድረስ ሄደው አመጡት። ንስሐ ከሰጡት በኋላ ከበሮውን አስያዙት። «እጅህ ይሥራ፣ አፍህ ከሰው ጋር ይሁን» አሉት።

«ሦስት ዓመት ሆነኝ» አለ። «አሁን ስወጣ ሚስቴ የት ትሄዳለህ አትለኝም። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? አንተ ገና አላገባህም፣ አታውቅም።» ሳቀና ባጃጁን ወደ መንገዱ መለሰው።

ይህን ሁሉ ነግሮኝ ነበር። አላወቅሁም ብዬ የማመካኘው ነገር የለኝም።

ውድድሩን ያሰብኩት ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ሐሳቤ እንዲህ ነበር፤ ልጆቹ የሚሄዱት ውድድር ስላለ ነው፤ እኛም ውድድር ብናደርግ ይመጣሉ፤ ከመጡ ትምህርቱን ይሰማሉ። ሦስት ደረጃ ያለው ንጹሕ ሐሳብ መሰለኝ። በንጹሕ ወረቀት ጽፌ ለቄሱ አቀረብኩ፤ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ልጆቹ ይመጣሉ?» አሉኝ።

«ይመጣሉ አባ።»

«ከመጡ በኋላስ?»

«ይቆያሉ።»

«ለምን ብለው ይቆያሉ?»

ለዚህ በወረቀቱ ላይ መልስ አልነበረም። «ቀስ በቀስ ይገባቸዋል» አልኩ።

«እንግዲህ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድኩት።

በዚያ ሳምንት የነጥብ መስጫውን ሰንጠረዥ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አዘጋጅ ነበር። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ማሾ ነጋዴ ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሰፌድ ላይ ማሾ እየለቀሙ ወረቀቴን አሻግረው ያያሉ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ቤት ቤት?» አሉኝ።

«የመዝሙር ውድድር ነው እትዬ። ድምፅ ከሠላሳ፣ ዜማ ከሠላሳ፣ አቀራረብ ከሃያ፣ መንፈሳዊነት ከሃያ።»

«መንፈሳዊነት ማለት?»

«እግዚአብሔርን መፍራቱ፣ ከልቡ መሆኑ።»

እጃቸው ማሾው ላይ ቆመ። «እሱን ከሃያ ልትሰጡት ነው?»

«አዎ።»

«ሃያ ከሃያ ያገኘ ሰውዬ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ይሞታል?»

ሳቅሁ። «እናንተስ ዘንድ የቁርኣን ውድድር አለ አይደለም እንዴ?»

«አለ። ትልቁ ልጄ ሁለተኛ ወጥቶ አንድ ወር ሙሉ አንደኛ የወጣውን ልጅ ሰላም አላለውም። ሶላት ላይ ከጎኑ አልቆምም ብሎ ሌላ መስጊድ ሄደ። ወላሂ መምህሬ፣ ከዚያ ወዲህ ነጥብ ሲሉኝ ሆዴን ያመኛል።» መልቀማቸውን ቀጠሉ። ቀልድ ነው ብዬ አለፍኩት። ሰንጠረዡን አራት ቅጂ አድርጌ ትምህርት ቤት አተምኩት።

የመጀመሪያው እሑድ ሠላሳ አራት ሰው መጣ። በሁለተኛው አዳራሹ ሞላ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ስም ስጽፍ የተሰማኝን ደስታ አሁንም አስታውሳለሁ፤ ደስታው ስለ እግዚአብሔር ነበር ብል እዋሻለሁ። ሐሳቤ ልክ ስለሆነ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ፤ የሚወዳደሩት ልጆች ድምፅ ደካማ ነው። ስልካቸውን ይዘው የሚቀርጹት ሲስቁ አየሁ። ለመጨረሻው እሑድ አዳራሹን ዝም የሚያሰኝ ሰው ፈለግሁ፤ ማን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ባጃጁ ውስጥ ነው የያዝኩት። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከኋላው ተቀምጬ አስረዳለሁ። መጀመሪያ እንቢ አለ። ሁለተኛ ጊዜ ስለምነው ባጃጁን አፈጠነው። ከዚያ መክሊት የሚለውን አነሣሁበት። ጌታ መክሊት ሰጥቶሃል፣ አንተ መሬት ቆፍረህ ቀብረሃታል፣ ስንት አተረፍክ ብሎ ሲጠይቅህ ምን ትለዋለህ አልኩት። ሆቴል የዘፈነ አፍ ለእግዚአብሔር ብቻውን አንድ ጊዜ መቆም አይገባውም ወይ አልኩት። እሱ ስድስተኛ ክፍል አቋርጦ የወጣ ሰው ነው። መልስ እንደማይኖረው አውቄ ነው የተናገርኩት።

«ቄሱ ያውቃሉ?» አለኝ።

«ውድድሩን ፈቅደዋል።»

«እኔን ማለቴ ነው።»

«ደስ ይላቸዋል» አልኩት። አልጠየቅኋቸውም ነበር።

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አለ።

የሆነውን ከመናገሬ በፊት ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ መዝሙር ውስጥ ጭብጨባ አለ። ዘማሪው ሲያዜም ሕዝቡ ከከበሮው ጋር እኩል ያጨበጭባል፤ ያ ጭብጨባ የመዝሙሩ አካል ነው፣ መዝሙሩ ሲያበቃ አብሮ ያበቃል፣ ከዚያ እልልታ ነው። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ለዘመረው ሰው የሚጨበጨበው ግን ሌላ ነው። የፊተኛው ወደ ላይ ይሄዳል፤ የኋለኛው ሰውየው ላይ ይቀራል። ይህን ልዩነት እኔ ራሴ ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬ ነበር።

በመጨረሻው እሑድ ሰው መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዳኞቹ ሦስት ነን፤ እኔ፣ የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊና ሁለት መዝሙር ኢንተርኔት ላይ የለቀቀ አንድ እንግዳ። ቄሱ ከፊት ወንበር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከበሮ መቺያችን የመጨረሻው ተወዳዳሪ ነበር። ያለ ከበሮ ቆመ። ነጭ ለብሷል፣ እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ ነጠላውን ይዟል። የንስሐ መዝሙር ነበር፣ ቀስ ያለ። ሁለተኛው ቤት ላይ ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። አጠገቤ የነበረው እንግዳ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አንዲት እናት ስታለቅስ ሰማሁ። እስከዚህ ድረስ መዝሙር ነበር፤ ስለዚህ አልጠራጠርም።

ሲጨርስ ነጠላውን ለቀቀ። ከዚያ የኋለኛው ጭብጨባ መጣ። ተነሥተው አጨበጨቡ፣ አፏጩ፣ መስኮቱ ላይ ያሉት የመስኮቱን ብረት መቱ። ፊቱን አየሁት። ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም፤ ከሩቅ ሲጠሩት የሰማ ሰው ፊት ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለ። ቀና ብሎ ጠበቀ፤ ጭብጨባው ሲጨምር እንደገና ዝቅ አለ። ይህን ያስተማረው የለም፤ አንገቱ ከድሮ ያውቀዋል።

ቄሱ ተነሥተው ወጡ። እኔ ወረቀቴ ላይ አጎንብሼ ነጥብ እየሰጠሁ ነበር። ለመንፈሳዊነት አሥራ ስምንት ሰጠሁት። ሁለቱን ለምን እንዳጎደልኩ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ሰው ሲበተን ቄሱን በር ላይ አገኘኋቸው። «ልጆቹ መጡ እኮ አባ» አልኳቸው።

«አይቻለሁ» አሉ። «ለማን እንደመጡ ነው ያላየሁት።»

በማግስቱ አንዱ ልጅ የቀረጸውን ለቀቀው። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር፤ ያየው ሰው ቁጥር ሲጨምር ከማንም በላይ የተከታተልኩት እኔ ነበርኩ። ጠዋት ስነሣ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ስልኩ ሆነ። ስንት ሆነ፣ ማን ምን አለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤታችንን የጠራ ሰው አለ ወይ። ውዳሴ ማርያሙን በኋላ እደግመዋለሁ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደገምኩት፣ አንዳንድ ቀን የክፍል ሰዓት ደረሰብኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ለእግዚአብሔር ሥራ ነው የምከታተለው እያልኩ ለእግዚአብሔር የቀረው ሰዓት ከቁርስ በኋላ የሚተርፈው ሆነ።

ከተማችን ትንሽ ናት፤ ባጃጅ ነጂ ሆኖ መታወቅ ቀላል ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ከእኔ ጋር ሁለት ሽንኩርት ነጋዴ ሴቶች ተሳፈሩ።

«አንተ የዚያ መዝሙር ልጅ አይደለህም?» አለችው አንደኛዋ።

«ነኝ መሰለኝ» አለ።

«በአካል ታንሳለህ። እስቲ ዝፈንልን።»

«መዝሙር አይዘፈንም እቴ፣ ይዘመራል።»

«ይሁንልህ፣ የሚዘፈነውን ዝፈንልን እንግዲህ፤ እሱንም ታውቀዋለህ ይሉሃል» አለች ሌላዋ። ሁለቱም ሳቁ። እሱም ሳቀ። በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። እነሱ ሲወርዱ፣ «አሁን ስንት ሰው አየው ቲቸር?» አለኝ። ቁጥሩን ነገርኩት። ወደ ታች አጠጋግቼ እንኳ አልነገርኩትም።

ክረምቱ ሳይገባ ሰርግ ጠሩት። መዝሙር ብቻ ነው አለኝ፤ ሙሽሮቹ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚጋቡት። ጥሩ ነው አልኩት። ከመዝሙሩ በኋላ ቤት ተገባ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላው ተጠየቀ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ እንደ ቀልድ አድርጎ። በመስከረም አንድ እሑድ ቀረ። መዝገቤ ላይ ስሙ አጠገብ «ፈቃድ» ብዬ ጻፍኩ። ፈቃድ አልጠየቀም ነበር። በጥቅምት ሁለት እሑድ ቀረ፤ ሁለቱንም ፈቃድ አልኩት። ቀሪ ብዬ ብጽፍ ለቄሱ መናገር ይኖርብኛል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ዋናው መንገድ ላይ ካለ ሆቴል በር ፎቶው ያለበት ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ዓርብና ቅዳሜ ይላል። በዚያ በኩል ሳልፍ መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

አንድ ጊዜ ብቻ አንሥቼበታለሁ። ተሳፍሬ ነበር፤ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ሆቴሉ እንዴት ነው?» አልኩት።

«መክሊት ነው ያልከው አንተ አይደለህ?» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። ትንፋሹ ይሸት ነበር።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፣ ጸናጽል አይንሿሿም፤ ዜማው በድምፅና በመቋሚያ ብቻ ነው። ከበሮው አዳራሹ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት ሰባት ሳምንት ሙሉ እሱ መቅረቱን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ከበሮው ሲጎድል ሁሉ ዞር ብሎ ያያል። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጾሙ ሽፋን ሆነልኝ። አዳራሹ ተመልሶ አሥራ አራት አሥራ አምስት ሰው ሆኖ ነበር፤ ውድድር ሲያልቅ ልጆቹም አለቁ። ከበሮውን የሚመታው ሰው ጉዳይ ትዝ ያለኝ በሕማማት ሳምንት ነው፤ ፋሲካ አራት ቀን ሲቀረው፣ የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ «ማን ሊመታ ነው?» ሲለኝ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ቤቱ ሄድኩ። በሕማማት ሰላምታ የለም፤ ክርስቲያን ለክርስቲያን እጅ አይሰጥም፣ እንደምን ዋላችሁ አይባባልም። ስለዚህ ሚስቱ በር ላይ ብቅ ስትል ንግግሬን የምጀምርበት ነገር አጣሁ። ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምትለኝ፤ ለመምህርነቴ።

«አለ?» አልኳት።

«ተኝቷል።»

«ትቀሰቅሺልኛለሽ?»

«ለምን?»

«ላናግረው ፈልጌ ነው።»

«ለፋሲካ ከበሮ የሚመታ አጥታችሁ ነው?»

አይደለም ለማለት አፌን ከፈትኩ። ባለፉት ሰባት ሳምንታት አንድ ቀን አልመጣሁም፤ የመጣሁት በዚያ ጉዳይ ነው። እሷም ከፊቴ አነበበችው።

«ሰው ፈልገህ አይደለም የመጣኸው» አለችኝ። «እጅ ፈልገህ ነው። ያኔም የፈለግኸው ድምፁን ነው። ቄሱ ከዚህ ቤት ሲያወጡት ሰው ብለው ነው ያወጡት። አንተ ከፋፍለህ ወሰድከው።»

«እኔ ለበጎ ብዬ…»

«አውቃለሁ። እሱም ይላል። ቲቸር ለበጎ ብሎ ነው ይላል፣ ጠጥቶ ሲመጣ ሳይቀር።» መጋረጃውን ለቀቀችው።

ዓርብ ስቅለት ነው። ስግደቱ ሲያበቃ ካህናቱ ሕዝቡን በወይራ ቅጠል ጀርባውን እየጠበጠቡ ስንት ጊዜ እንደሚሰግድ ያዝዙታል። ተራዬ ሲደርስ ቄሱ ፊት ጎንበስ ብዬ ሁሉን ተናገርኩ፤ መክሊቱን፣ ቄሱ ደስ ይላቸዋል ብዬ መዋሸቴን፣ ፈቃድ እያልኩ የጻፍኩትን። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ በአጭሩ ነው የተናገርኩት። ስግደቱን ሰጡኝ፤ ከዚያ፣ «በየቀኑ ስትጸልይ ስሙን ጥራው» አሉኝ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

ላስረዳ። እኛ ሰው በቤት የሚጠራበት ስም አንድ ነው፣ ሲጠመቅ የተሰጠው ስም ሌላ ነው። ስለ አንድ ሰው የሚጸለየው በተጠመቀበት ስም ነው፤ ቅዳሴ ላይ ቄሱ የሚያነሡት እሱን ነው፣ ሲሞት ፍትሐት የሚደረግለት በእሱ ነው። የሰውየውን ስልክ ቁጥር አውቃለሁ። የባጃጁን ታርጋ አውቃለሁ። ከመቶ ሰማንያ ዘጠኝ እንዳገኘ አውቃለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ስለ እሱ ጸልዬ ስለማላውቅ ስሙን የምጠይቅበት ምክንያት አልነበረኝም።

«አላውቀውም አባ» አልኩ።

ወይራው ጀርባዬ ላይ ነበር። «እንኪያስ ሂድና ጠይቅ» አሉኝ፣ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞሩ።

ቅዳሜ ጠዋት እነሱ ቤት ሄድኩ። ካህናቱ ለየቤቱ ቄጤማ የሚያድሉበት ቀን ስለሆነ መንገዱ ላይ ሁሉም ሰው ግንባሩ ላይ ቄጤማ አስሯል። እኔም አስሬ ነበር፤ በራቸው ላይ ስደርስ ፈታሁት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሚስቱ ወጣች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ፈለግህ?»

«የክርስትና ስሙን።»

«ለምን?»

«ለጸሎት።»

አየችኝ። የምታምነኝ አይመስለኝም፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። በሩን ይዛ ቆመች፣ ልንገረው አልንገረው የምትል መሰለች። መጋረጃው ከኋላዋ ወርዷል፤ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

ስሙን የነገረኝ እሱ ነው፣ ከውስጥ። ድምፁ ሻክሯል። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረው፣ ቀስ ብሎ፣ ለጸሐፊ እንደሚያስመዘግብ ሰው። ሌላ ነገር አልጨመረም። እኔ ጋሼ ብዬ ጠራሁት፤ አልጋው ላይ ሲገላበጥ ሰማሁ። ሚስቱ፣ «ሰማኸው አይደል» አለችኝ።

«ሰማሁት።»

«እንዳትረሳው» አለችና በሩን ዘጋችው።